ቁጥሩ መጨረሻ ይምጣ፦ አሲድ፣ ቤዝና ፒኤች ለተማሪ የሚቀርቡባቸው መንገዶች ሲዳሰሱ

አልጫ ወጥ ነጭ ነጠላ ላይ ጠብ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ቢጫ ነጥብ ነው። ሰው ብዙም አይደነግጥም፤ «ይታጠባል» ይላል። የሚደነግጠው ሳሙና ሲያስነካው ነው። ቢጫው ነጥብ እጅ ላይ እያለ ይቀላል፤ ደም የነካው ይመስላል። በዚያው ቀይ ነጥብ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እንደገና ሳሙና፣ እንደገና ቀይ። በዚህች ነጠላ ላይ የኬሚስትሪ አንድ ምዕራፍ ተዘርግቷል። ሳሙናው ቤዝ ነው፤ ሎሚው አሲድ ነው፤ ወጡ ውስጥ የገባው እርድ ደግሞ ሁለቱን በቀለም የሚለይ አመልካች ነው።

ትምህርት ቤት ግን ተማሪው ወደዚህ ምዕራፍ የሚገባው በሌላ በር ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አግድም መስመር ያሰምራል፤ ከ0 እስከ 14 ይከፋፍለዋል፤ «ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ፣ 7 ራሱ ገለልተኛ» ብሎ ያጽፋል። ተማሪው ይሸመድደዋል፤ ፈተና ላይም ያገኘዋል። «ፒኤቹ 3 የሆነ ፈሳሽ ፒኤቹ 6 ከሆነው በስንት እጥፍ ይበልጥ አሲዳማ ነው?» ሲባል ግን «በሁለት» ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ አንድ ሺህ ነው። ልጁን ሰነፍ ማለት አይቻልም። የተሰጠው ማስመሪያ ነው፤ ማስመሪያ ላይ ደግሞ 6 የ3 እጥፍ ነው።

ለጀማሪ አሲድና ቤዝን የማስተዋወቂያ መንገዶች በጥቅሉ አራት ናቸው፦ ከስሜት ሕዋስ መነሳት፣ ከትርጓሜ መነሳት፣ ከቁጥር መነሳት፣ ከመለኪያ መነሳት። እያንዳንዱ የሚያበራው ቦታ አለው፤ የሚያጨልመውም አለው። በየተራ እናያቸዋለን። የዚህ ጸሐፊ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ አራቱም ያስፈልጋሉ፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቁጥሩ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፤ መግባት የነበረበት ግን ተማሪው ራሱ «ስንት ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ነው።

ምላስ የሚያውቀውና የማያውቀው

የስሜት ሕዋሱ መንገድ ከሁሉም የቆየ ነው። «አሲድ» የሚለው ስም የተገኘበት የላቲን ቃል ትርጉሙ «ኮምጣጣ» ነው። «አልካሊ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የተቃጠለ ተክል አመድን ያመለክታል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሁለቱንም ሳይማር ያውቃቸዋል። ኮምጣጤን «ኮምጣጤ» ያሰኘው ጣዕሙ ነው፤ በአመድ ውሃ ልብስና ዕቃ ይታጠብ እንደነበርም ከአያቱ ሰምቷል። እንግዲያው መምህሩ ከዜሮ አይጀምርም፤ ከቤት የመጣ ዕውቀት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ይሁንና ይህ መንገድ ወጥመድ አለበት። ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም ነገር አይቀመስም፤ ይህ ሕግ ድርድር የለውም። ከአደጋው ባሻገር ደግሞ ምላስ ይሳሳታል። መጻሕፍት «ቤዝ መራራ ነው» ሲሉ ተማሪው ይገለብጠውና «መራራ ሁሉ ቤዝ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ጌሾ መራራ ነው፤ ጌሾ የገባበት ጠላ ግን አሲዳማ ነው። «ቤዝ ያሙለጨልጫል» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንዶድ አረፋ አውጥቶ ልብስ ያነጣል፤ አረፋውን የሚሰጠው ግን ሳፖኒን የሚባለው ውህድ ነው፤ የአመድ ውሃ አሠራር ሌላ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ጣት ላይ የሚያሙለጨልጨው ደግሞ የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠ ስለሆነ ነው። የሚያሙለጨልጨው ሳሙና የተሠራው ከገዛ ጣታችን ነው ማለት ነው። ይህን የሰማ ተማሪ ቤዝን ዳግመኛ በጣቱ አይፈትንም።

ስለዚህ ምላስና ጣት ሥራውን ለዓይን ማስረከብ አለባቸው። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ ቀለሞች ባሳተመው መጽሐፍ የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ እንደሚቀላ፣ በአልካሊ ደግሞ አረንጓዴ እንደሚሆን አሳይቷል። ይህን ለመድገም ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ቀይ ጥቅል ጎመን ይከተፋል፤ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፤ ሲቀዘቅዝ ሐምራዊ ውሃ ይጠለላል። ከዚህ ውሃ በአራት ብርጭቆ ይቀዳል። አንደኛው ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ወደ ሮዝ ይደምቃል። ሁለተኛው ላይ ንጹሕ ውሃ ሲጨመር ሐምራዊነቱን ይዞ ይቆያል። ሦስተኛው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰነስ ሰማያዊ ይሆናል። አራተኛው ላይ የአመድ ውሃ ሲገባ አረንጓዴ ይሆናል።

አሁን በጎመኑ ፋንታ በእርድ የተቀለመ ወረቀት ይምጣ። ሎሚው ላይም ውሃው ላይም ወረቀቱ ቢጫ ነው፤ የአመድ ውሃው ግን ያቀላዋል። እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ብሎ አንድ ጥያቄ መወርወር አለበት፦ «እርዱ ሎሚንና ውሃን አንድ ቀለም ካደረጋቸው፣ ሎሚና ውሃ አንድ ናቸው ማለት ነው?» ከዚህ ጥያቄ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ነው። እያንዳንዱ አመልካች የራሱን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። የእርድ በር ከገለልተኛው መስመር ትንሽ አለፍ ብሎ በቤዝ በኩል ይገኛል፤ ከበሩ ወዲህ ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ያያል። ጎመኑ ደግሞ ብዙ በሮች ያሉት ግቢ ነው። ቀለም «አለ፣ የለም»ን ይናገራል፤ «ስንት»ን አይናገርም። ተማሪው «ታዲያ ሎሚው ከኮምጣጤው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ማለት ሲጀምር የቁጥር ረሃብ መጥቷል። ቁጥሩ ግን ገና ይቆይ፤ መጀመሪያ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ይታወቅ።

ሰጪና ተቀባይ

የትርጓሜው መንገድ የመማሪያ መጻሕፍት ወዳጅ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል፤ በስህተት ስለሚጀምር። ፈረንሳዊው ላቮዚየ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብሎ ያምን ነበር፤ «ኦክስጅን» የሚለው ስም ራሱ ከግሪክኛ «አሲድ አስገኚ» ከሚል ሐሳብ የተሠራ ነው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 አካባቢ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ የምንለው አሲድ ውስጥ ኦክስጅን ጭራሽ እንደሌለ አሳየ። በ1838 ጀርመናዊው ሊቢግ ጣቱን ወደ ሃይድሮጂን አዞረ፤ አሲድ ማለት በብረት ሊተካ የሚችል ሃይድሮጂን ያለው ውህድ ነው አለ። ስሙ ግን አልተቀየረም፤ ኦክስጅን እስከ ዛሬ የተሳሳተ ስሙን ይዞ ይኖራል። ሳይንስ ስህተቱን እያረመ እንደሚሄድ ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም።

ቀጥሎ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ መጣ። በ1884 ኡፕሳላ ላይ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዝቅተኛ ውጤት ነበር ያገኘው፤ በዚያው ሥራ ላይ የቆመው ንድፈ ሐሳቡ በ1903 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በእሱ አነጋገር አሲድ ውሃ ውስጥ የሃይድሮጂን አዮን የሚለቅ፣ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አዮኖቹ ተጣምረው ውሃ ይሆናሉ፤ የቀረው ጨው ነው። ለጀማሪ ይህ በቂና ግልጽ ነው።

ጉድለቱ ተማሪው የፎርሙላ ፊደል ቆጣሪ እንዲሆን መገፋፋቱ ነው። «ሃይድሮጂን ካለው አሲድ፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ተያይዘው ከታዩ ቤዝ» ይላል። ሚቴን አራት ሃይድሮጂን አለው፤ ውሃ ውስጥ ግን አሲድ ሆኖ አይታይም። አረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል ኦክስጅንና ሃይድሮጂኑን አያይዞ ይዟል፤ ቤዝ ግን አይደለም። አሞኒያ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ የሚባል ነገር በውስጡ ሳይኖር የታወቀ ቤዝ ነው።

ይህን ቀዳዳ የደፈኑት በ1923 በየፊናቸው የሠሩት ዴንማርካዊው ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ላውሪ ናቸው። አሲድ ፕሮቶን ሰጪ ነው፤ ቤዝ ፕሮቶን ተቀባይ ነው። ይህ ትርጓሜ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተሠራ ይመስላል፤ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብምና። ተቀባይ ከሌለ ሰጪ የለም። ስለዚህም «አሲድ» የአንድ ነገር ቋሚ ማዕረግ መሆኑ ቀርቶ በግንኙነት ውስጥ የሚያዝ ቦታ ይሆናል። ውሃን እንይ፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፊት ሲቆም ፕሮቶን ይቀበላል፣ አሞኒያ ፊት ሲቆም ይሰጣል። ሰውም ለአባቱ ልጅ፣ ለልጁ አባት ነው፤ ያው አንድ ሰው።

አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ በዚያው በ1923 አሲድን የኤሌክትሮን ጥንድ ተቀባይ አድርጎ አሰፋው። ይህ ፕሮቶን የሌላቸውን ሁሉ ያቅፋል፤ ለጀማሪ ግን ይቆየው። ዋናው ነገር ሦስቱን ትርጓሜዎች አንዱ ሌላውን እንደሻረ ነገሥታት አለማቅረብ ነው። ክብ በክብ ውስጥ ናቸው፤ የአሬኒየስ አሲድ ሁሉ የብሮንስቴድ አሲድ ነው። ለፒኤች ትምህርት ሁለተኛው ክብ ይበቃል፤ የምንቆጥረው የተሰጠውን ፕሮቶን ነውና።

ኪስና ጠረጴዛ

አሁን ብዙ ክፍሎች ሳያዩት የሚያልፉት ጉድጓድ ጋ ደርሰናል። በአማርኛ «ኃይለኛ አሲድ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን። አንዱ የአሲዱ ጠባይ ነው፤ ሌላው ውሃው ውስጥ የገባው መጠን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ ለሁለቱ ሁለት ቃል ይሰጠዋል፤ በልቡ ግን ሁለቱንም «ኃይለኛ» ብሎ ተርጉሞ አንድ ያደርጋቸዋል። እንለያቸው፦ ለጠባዩ «ብርቱ» እና «ደካማ»፣ ለመጠኑ «ወፍራም» እና «ቀጭን» እንበል።

ወፍራምና ቀጭን ለቡና ጠጪ አገር አዲስ አይደለም። አቦል ወፍራም ነው፤ ቶና ይቀጥናል፤ በረካ ከሁሉ ቀጭን ነው። ቡናው ግን ያው ቡና ነው። የቀጠነ ብርቱ አሲድ ብርቱነቱን አይለቅም፤ የወፈረ ደካማ አሲድም ብርቱ አይሆንም።

ብርቱና ደካማን ለመለየት ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም ኪሳቸው ውስጥ 100 ብር አላቸው። አንደኛው የኪሱን ሁሉ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚያሳየው 1 ብር ከ30 ሳንቲም ብቻ ነው፤ የቀረውን ይዞታል። የመጀመሪያው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ሁለተኛው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ በአንድ ሊትር 0.1 ሞል ሲሆን አሴቲክ አሲድ ከሞለኪውሎቹ 1.3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ፕሮቶን የሚያስለቅቀው። በዚህ የተነሳ በእኩል ውፍረት የሃይድሮክሎሪኩ ፒኤች 1 ሲሆን የአሴቲኩ 2.9 ገደማ ነው።

አሁን ዕዳ ጠያቂ ይምጣ፤ ማለትም ኮስቲክ ሶዳ ይጨመር። ጠያቂው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲወስድ ሁለተኛው ሰው ከኪሱ ሌላ ያወጣል፤ ሲወሰድበት ደግሞ ሌላ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም የከፈሉት እኩል 100 ብር ነው። እኩል መጠንና እኩል ውፍረት ያላቸው ብርቱውና ደካማው አሲድ ለመርገብ የሚፈልጉት ኮስቲክ ሶዳ እኩል ነው። ይህን ተማሪ በገዛ እጁ በቢዩሬት ቢያየው ምንም ገለጻ አያስፈልገውም። ፒኤች የሚቆጥረው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው፤ ኪሱን አያይም። ይህችን ዐረፍተ ነገር የያዘ ተማሪ የምዕራፉን ግማሽ ይዟል።

ዜሮ የመቁጠር ጥበብ

አሁን ቁጥሩ ይግባ። በ1909 ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ፣ የቢራ ፋብሪካው ባለቤት ባቋቋመው የምርምር ተቋም፣ ሶረንሰን የሚባል ኬሚስት ስለ ኢንዛይሞች ይሠራ ነበር። ኢንዛይም የሃይድሮጂን አዮን በጥቂቱ ሲበዛና ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል። ቁጥሮቹ ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ መጻፍ ያሰለቹ ነበር። ሶረንሰን አንድ ዘዴ አመጣ፤ ቁጥሩን ትቶ የአሥርን ርቢ ብቻ መጻፍ። ፒኤች ተወለደ። «ፒ» የምትባለው ፊደል ምንን እንደምትወክል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ሥራዋ ግን አያከራክርም።

ለተማሪ «ሎጋሪዝም» የሚለውን ቃል ከመናገር በፊት ዜሮ ማስቆጠር ይሻላል። በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ሞል የሃይድሮጂን አዮን ካለ ፒኤቹ 1 ነው። 0.01 ከሆነ 2፣ 0.001 ከሆነ 3። ከነጥቡ በኋላ አንዷ ስንተኛ ቤት ላይ እንደተቀመጠች መቁጠር ነው። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር አዮኑ በአሥር እጥፍ ያንሳል፤ በሦስት ሲጨምር በሺህ እጥፍ። ፒኤች ትልቅ ሲሆን አሲዱ ለምን እንደሚያንስም ያኔ ይገለጣል፤ ዜሮ በበዛ ቁጥር አዮኑ እየደቀቀ ነውና። ይህን በእጅ ለማስያዝ አንድ የጎመን ውሃ ሙከራ ይበቃል። አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በዘጠኝ ማንኪያ ውሃ ይበረዛል፤ ከተበረዘው አንድ ማንኪያ ተወስዶ እንደገና በዘጠኝ ይበረዛል። በየደረጃው ከጎመኑ ውሃ እየተጨመረ ቀለሙ ይታይ። ሎሚ ደካማ አሲድ ስለሆነ በእያንዳንዱ ብረዛ ፒኤቹ በልኩ አንድ አይዘልም፤ ከኪሱ ስለሚያወጣ ዝላዩ ከአንድ ያንሳል። ጎበዝ ተማሪ ይህን ራሱ ይደርስበታል።

ንጹሕ ውሃስ? በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አዮን 0.0000001 ሞል ነው፤ ፒኤቹ 7። አንድ ሊትር ውሃ ራሱ 55.5 ሞል ያህል ስለሆነ፣ ከ555 ሚሊዮን የውሃ ሞለኪውሎች አንዱ ብቻ ነው የተከፈለው። ከአራት ኢትዮጵያ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው እንደማለት ነው። በዚህች አንዲት ነፍስ ላይ ነው የሕይወት ኬሚስትሪ የቆመው። ደማችን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ መንገድ ነው የሚሄደው። ከ7.4 ወደ 7.1 ወረደ ሲባል ለጆሮ ምንም አይመስልም፤ የሃይድሮጂን አዮኑ ግን እጥፍ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ መስመሩ ላይ የተለጠፉትን ሦስት የሐሰት ምልክቶች መንቀል ይቻላል።

የመጀመሪያው «0 እና 14 ግድግዳ ናቸው» የሚለው ነው። ግድግዳ አይደሉም። በአንድ ሊትር ከ1 ሞል የበለጠ ብርቱ አሲድ ካለ ቁጥሩ ከ0 በታች ይወርዳል። ሁለተኛው «7 ምንጊዜም ገለልተኛ ነው» የሚለው ነው። ውሃ ሲሞቅ ብዙ ሞለኪውሎቹ ይከፈላሉ፤ በ60 ዲግሪ የንጹሕ ውሃ ፒኤች 6.5 ገደማ ነው። ውሃው አሲድ አልሆነም፤ ሃይድሮክሳይዱም በዚያው ልክ ጨምሯል። ገለልተኛ ማለት ሁለቱ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ሦስተኛው «አሲድና ቤዝ በልክ ሲገናኙ ውጤቱ 7 ነው» የሚለው ነው። ለብርቱና ብርቱ እውነት ነው። ኮምጣጤና ኮስቲክ ሶዳ በልክ ሲገናኙ ግን ውጤቱ ወደ 8.7 ይጠጋል፤ ምክንያቱም የቀረው አሴቴት ራሱ ፕሮቶን ተቀባይ ነው።

አንድ መፈተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመከራል። ፒኤቹ 3 የሆነ ብርቱ አሲድና ፒኤቹ 5 የሆነ ብርቱ አሲድ እኩል ለእኩል ቢደባለቁ ስንት ይመጣል? ማስመሪያ የተሰጠው ተማሪ 4 ይላል። ዜሮ መቁጠር የተማረው ደግሞ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በመቶ እጥፍ ስለሚበልጥ ሁለተኛው ውሃ እንደመጨመር ነው ብሎ 3.3 ይላል። ትምህርቱ መግባቱን ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ ፈተና አያስፈልግም።

ከወረቀት እስከ ማሽን

አራተኛው መንገድ፣ የመለኪያው፣ ፈጣን ማለፊያ ይበቃዋል። ሊትመስ ወረቀት «አሲድ ወይስ ቤዝ» ብቻ ይላል። ብዙ አመልካቾች የተቀላቀሉበት ወረቀት በአንድ ቁጥር ልዩነት ያህል ይነግራል። የፒኤች ሜትር ደግሞ ከነጥብ በኋላ ያለውንም ያነባል። የሜትሩ ታሪክ ሎሚ ነው። በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ አርኖልድ ቤክማን የሚባል ኬሚስት በፍራፍሬ ድርጅት የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛው የሎሚ ጭማቂን አሲድ መለካት ተቸግሮ መጣበት። ጭማቂው ውስጥ ለማቆያ የገባው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የአመልካቾቹን ቀለም ያነጣው ነበር። ቤክማን የመስታወት ኤሌክትሮድን ከኤሌክትሮኒክ ማጉያ ጋር አገናኝቶ መፍትሔ ሰጠው። ቀለም ሲከዳ ኤሌክትሪክ ደረሰ።

ሜትር ያለው ትምህርት ቤት አንድ ነገር አይርሳ። ማሽኑ ፒኤቻቸው በታወቀ ፈሳሾች ካልታረመ በልበ ሙሉነት ይዋሻል። ሜትር የሌለው ደግሞ አይዘን። ጎመኑና እርዱ ያስተማሩትን ሜትር አያስተምርም፤ ሜትር ቁጥር ይሰጣል እንጂ ምክንያት አይሰጥም።

መሬታችን የጻፈችው መጽሐፍ

ለምሳሌ የምንገልጣቸው መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሩቅ አገር ምርት ይዘረዝራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ፒኤች ከእግራችን ሥር ነው። በእንጀራው እንጀምር። የጤፍ ሊጥ ከውሃና ከእርሾ ጋር ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ከ6 አካባቢ የተነሳው ፒኤች በሁለት ሦስት ቀን ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። የሃይድሮጂን አዮኑ መቶ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እናቶች ይህን በአፍንጫ ይለኩታል፤ «ኮመጠጠ» ሲሉ ሜትሩ ተነቧል።

ከዚያ ወደ ስምጥ ሸለቆ። ሻላ፣ አብያታና ጭቱ ሐይቆች መውጫ የሌላቸው በመሆናቸው ውሃው ሲተን ሶዲየም ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ይከማቻሉ፤ ፒኤቻቸው ወደ 10 ይጠጋል። ከአብያታ ሶዳ አሽ ሲወጣ የኖረው፣ ጭቱ ላይ ፍላሚንጎዎች ስፒሩሊና የሚለቅሙት ከዚሁ የተነሳ ነው። በሰሜን በኩል ዳሎል ላይ ደግሞ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች አሉ፤ ፒኤቻቸው 0 አካባቢና ከዚያም በታች ተለክቷል። በአንድ አገር፣ በአንድ የመሬት ስንጥቅ ላይ፣ በሃይድሮጂን አዮን ሲቆጠር የአሥር ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ተዘርግቷል። ሰሌዳ ላይ መስመር ከማስመር ይህን ካርታ መሥራት ይሻላል።

ከሁሉም ክብደት ያለው ግን አፈር ነው። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈር ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረስም ለተክሉ አይደርስም። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ይበትናል፤ ሰብሉ ግን አይነሳም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ካርቦኔቱ ፕሮቶኑን ይቀበላል። ብሮንስቴድና ላውሪ ማሳ ላይ ወረዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው «አፈሩ ውስጥ ባለው ውሃ ያለው የሃይድሮጂን አዮን ኢምንት ነው፤ ታዲያ ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ይደሰት። መልሱ ኪስና ጠረጴዛ ነው። ሜትሩ የሚያነበው በአፈሩ ውሃ ውስጥ ያለውን፣ ጠረጴዛውን ነው። የሸክላው ቅንጣቶች ላይ ተጣብቆ የተቀመጠው ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ኪሱ ነው። ኖራው ጠረጴዛውን ሲያጸዳ ኪሱ ይከፍላል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ፒኤች ያላቸው አሸዋማና ሸክላማ ማሳዎች የተለያየ መጠን ኖራ የሚጠይቁት። በቢዩሬት የጀመረችው ምሳሌ እርሻ ላይ ደረሰች።

ለጥንቃቄ አንድ ቃል

«አሲድ አደገኛ ነው» የሚለው ሁሉም ጋ ይታወቃል፤ «ቤዝ ለስላሳ ነው» የሚለው ግምት ግን ብዙ ሰው ይጎዳል። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ከገባ ከብዙ አሲዶች የከፋ ነው። ቁጥርም ብቻውን አደጋን አይለካም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በኬሚስትሪ ቋንቋ «ደካማ» ነው፤ መስታወት ግን ይበላል። አሲድ ሲበረዝ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይፈስም። ቤት ውስጥ ደግሞ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማደባለቅ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያስወጣል። ይህ ለፈተና ሳይሆን ለእናትና ለእህት የሚነገር ነው።

ምን ይሁን?

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ ሰጪና ተቀባይ፣ ከዚያ ኪስና ጠረጴዛ፣ በመጨረሻ ዜሮ ቆጠራ፤ ሲያበቃ ደግሞ ከተማሪው ሰፈር የመጣ አንድ ጭብጥ አፈር። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ክፍል ምናልባት አንድ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይፈጅበታል። ያች አንድ ክፍለ ጊዜ ግን ተማሪው ዓመቱን ሙሉ «በሁለት እጥፍ» እያለ ከሚሳሳት ትረክሳለች።

ነገ ይህን ምዕራፍ የምትጀምሩ መምህራን፦ ከ0 እስከ 14 የምትሰመረው መስመር ትቆያችሁ። በኪሳችሁ ትንሽ እርድ፣ ቁራሽ ሳሙናና አንድ ሎሚ ይዛችሁ ግቡ፤ ነጭ ጨርቅ ከተማሪዎቻችሁ አይጠፋም።